ያልጠሩትን ፕሮግራም ከቤት ኮምፒውተር ማስወጣት፦ ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

ኮምፒውተሩ ለመከፈት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በስክሪኑ ቀኝ ጥግ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ብራውዘሩን ሲከፍቱ የማያውቁት የመፈለጊያ ገጽ ይመጣል። ጎንደር ላይ ለዚህ ሁሉ የተለመደው መድኃኒት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ፒያሳ መውረድና ፎርማት ማስደረግ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማስታወቂያው ይመለሳል፤ የጠፋው የልጆች ፎቶ ግን አይመለስም።

ችግሩ የሚመለሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሰው የሚያጠፋው ዓይኑ ያየውን ፕሮግራም ብቻ ሲሆን፣ እሱን መልሶ የሚጭነው የተደበቀው ክፍል ሳይነካ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በፎርማት ጊዜ የሚጫነው ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ያለ ፈቃድ፣ ያልተገዛውን እንደተገዛ በሚያስመስል «አክቲቬተር» በሚባል ፕሮግራም የተከፈተ ነው። ይህ አክቲቬተር ለመሥራት አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተሩ ጥበቃ እንዲጠፋለት ይጠይቃል፤ ከፎርማቱ ቤት ይዘውት የሚመለሱት ኮምፒውተር በሩ ተከፍቶ ነው ማለት ነው።

መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 የተዘጋጀ ነው። ደረጃዎቹን አይዝለሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ያጠፉት ነገር ተመልሶ ይጫናል።

ከመጀመርዎ በፊት

ግማሽ ቀን ነፃ ያድርጉ። ነገ የሚያስረክቡት ሥራ ካለ ዛሬ አይጀምሩ።

መብራቱን ያስቡ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን ሙሉ ይሙሉት፣ ቻርጀሩንም አይንቀሉ። ዴስክቶፕ ከሆነ አብዛኛውን ሥራ መብራት ቢቆራረጥም መቀጠል ይችላሉ፤ ደረጃ 8ን ግን መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት በፍጹም አይሞክሩ። ዊንዶውስ ሲጫን መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል።

ሁለት የማጽጃ ፕሮግራሞችን አስቀድመው ያውርዱ። ከተቻለ በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ያውርዱ፤ ከየኩባንያዎቹ ከራሳቸው ድረ ገጽ እንጂ ከሌላ ቦታ አይውሰዱ። አንዱ «ማልዌርባይትስ አድውክሊነር» ነው፤ ነፃ ነው፣ መጫንም አያስፈልገውም። ሌላው «ማይክሮሶፍት ሴፍቲ ስካነር» ነው። ይህ ሁለተኛው ካወረዱት ከ10 ቀን በኋላ ጊዜው ያልፍበታል፤ ስለዚህ ባለፈው ዓመት ዘመድ የሰጠዎትን ቅጂ አይጠቀሙ።

ሰነድና ፎቶ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይቅዱ። የሚቀዱት የጻፏቸውን ፋይሎች፣ ፎቶዎችንና ቪዲዮዎችን ብቻ ነው። የፕሮግራም መጫኛ ፋይሎችን አብረው ከቀዱ በሽታውን ለነገ አስቀመጡት ማለት ነው።

የአማርኛ ፊደሎቹን አይርሱ። ይህን ነጥብ ብዙ ባለሙያ ያልፈዋል፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ የቆዩ ፕሮግራሞች የተጻፈ ደብዳቤ፣ የእድር መዝገብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚነበበው ያው ፊደል (ፎንት) ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ብቻ ነው። ፊደሉ ከጠፋ ሰነዱ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። «ሲ» ዲስክ ውስጥ «ዊንዶውስ» የሚለውን፣ ከዚያም «ፎንትስ» የሚለውን ማኅደር ይክፈቱ፤ የግዕዝ ፊደሎቹን መርጠው ከሰነዶችዎ ጋር ያስቀምጡ።

ደረጃ 1፦ ግንኙነቱን ይቁረጡ

ዋይፋዩን ያጥፉ ወይም ገመዱን ይንቀሉ። ግንኙነት እስካለ ድረስ አንዱን ሲያጠፉ ሌላው እየወረደ ሊጫን ይችላል።

ስክሪኑን የሞላ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ስልክ ደውሉ ወይም ክፈሉ ካለዎት አይደንግጡ። ማስጠንቀቂያ መስሎ የተሠራ ድረ ገጽ ነው። ገጹ ላይ ያለውን የመዝጊያ ምልክት አይጫኑ፤ እሱም ወጥመድ ሊሆን ይችላል። «ኢስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይቆዩ፣ ከዚያ «ኦልት» እና «ኤፍ 4»ን አንድ ላይ ይጫኑ።

ካልተዘጋ፦ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኢስኬፕ»ን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ብራውዘሩን ይምረጡና «ኤንድ ታስክ» ይበሉ። ብራውዘሩ እንደገና ሲከፈት የነበሩትን ገጾች ልመልስልዎት ወይ ብሎ ከጠየቀ እምቢ ይበሉ።

ደረጃ 2፦ ከመነሻው ላይ ይንቀሉ

በታስክ ማኔጀር ውስጥ «ስታርትአፕ አፕስ» የሚለውን ይክፈቱ። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ዝርዝር ይኸው ነው። የማያውቁትን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ዲስኤብል» ያድርጉት። ይህ ማጥፋት ስላልሆነ ቢሳሳቱ መልሰው ማብራት ይችላሉ።

ምንነቱን ከተጠራጠሩ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» ይበሉ። «ቴምፕ» ከሚባለው ጊዜያዊ ማኅደር የሚነሣ ነገር ክፉኛ ያጠራጥራል። «አፕዳታ» ውስጥ መገኘት ግን ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ቴሌግራምም የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ኮምፒውተሩ በየሰዓቱ ራሱ የማስታወቂያ ገጽ የሚከፍት ከሆነ በመፈለጊያው «ታስክ ስኬጁለር» ብለው ይጻፉ። «ታስክ ስኬጁለር ላይብረሪ» ውስጥ ባሉት ተራ በተራ እየገቡ «አክሽንስ» የሚለውን ይዩ። ብራውዘር ከነድረ ገጽ አድራሻ እንዲከፍት የታዘዘ ካገኙ እሱን «ዲስኤብል» ያድርጉት። «ማይክሮሶፍት» የሚለውን ማኅደር አይንኩ።

አሁን ኮምፒውተሩን ዘግተው ይክፈቱ። ሳይነሡ የቀሩ ፕሮግራሞችን ማስወገድ ይቀላል።

ደረጃ 3፦ በተጫኑበት ቀን ደርድረው ያስወግዱ

«ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «አፕስ»፣ ከዚያ «ኢንስቶልድ አፕስ» ይክፈቱ፤ በዊንዶውስ 10 «አፕስ ኤንድ ፊቸርስ» ይባላል። ዝርዝሩን በተጫኑበት ቀን ይደርድሩት። ችግሩ የጀመረበትን ጊዜ ያስታውሱና በዚያ ሰሞን የገባውን ሁሉ ይመርምሩ። አንድ ጨዋታ ወይም የቪዲዮ ማውረጃ በተጫነበት ዕለት ሦስት አራት ሌሎች ስሞች አብረው ተደርድረው ካዩ ምንጩን አገኙት።

ብዙ ጊዜ የሚገኙት እነዚህ ናቸው፦ ኮምፒውተሩን አፈጥናለሁ የሚል «ኦፕቲማይዘር»፣ ድራይቨር አድሳለሁ የሚል፣ የብራውዘር «ቱልባር»፣ ማንም ያልጫነው ብራውዘር፣ ስህተት አገኘሁ እያለ ክፍያ የሚጠይቅ የጽዳት ፕሮግራም። ያስወግዷቸው። ከሁለት ጸረ ቫይረሶች አንዱንም ያስወግዱ፤ ሁለት ጸረ ቫይረስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ያንቀራፍፉታል።

አይንኩ፦ «ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ»፣ «ዶት ኔት»፣ «ኢንቴል»፣ «ሪልቴክ» የሚሉትን። ብዛታቸው ሊያሳስብ ይችላል፤ ግን ሌሎች ፕሮግራሞች፣ ድምፁና ኔትወርኩ የሚሠሩት በእነሱ ነው። የአማርኛ መጻፊያዎን፣ ፓወር ግዕዝም ሆነ ኪማን፣ በስሙ እንግዳነት ተሳስተው እንዳያጠፉት።

«አንኢንስቶል» ሲሉ የሚወጣውን ጽሑፍ ቀስ ብለው ያንብቡ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሲባረሩ ይለማመጣሉ፤ በትልቁና በቀለም የደመቀው ቁልፍ «አቆየው» የሚል፣ ማስወገጃው ደግሞ ከሥር በደበዘዘ ትንሽ ጽሑፍ የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። ችኮላ እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው።

አልወገድም ካለ፦ ኮምፒውተሩን በ«ሴፍ ሞድ» ያስነሡት። «ሺፍት»ን ተጭነው ይዘው «ሪስታርት» ይበሉ። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት» ብለው ቁጥር 4ን ይጫኑ። በዚህ ሁኔታ ዊንዶውስ የሚነሣው በጣም አስፈላጊ በሆኑ ነገሮች ብቻ ስለሆነ እምቢተኛው ፕሮግራም ራሱን መከላከል ይቸግረዋል። ካንዳንድ ፕሮግራሞች ጋር «አንኢንስቶል» በሴፍ ሞድ አይሠራም፤ ያን ጊዜ ለደረጃ 5 ይተዉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ ወደ ሴፍ ሞድ ሲገቡ ባለ 48 አኃዝ የቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መመስጠሪያ) ቁልፍ ሊጠይቅዎት ይችላል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ይገኛል። አስቀድመው በወረቀት ካልገለበጡት ወደዚህ አይግቡ።

ደረጃ 4፦ ብራውዘሩን ያጽዱ

አብዛኛው ሰው ቫይረስ ነው የሚለው ማስታወቂያ ቫይረስ አይደለም። ለአንድ ድረ ገጽ ራሳችን የሰጠነው ፈቃድ ነው። ኳስ በቀጥታ ለማየት ወይም ፊልም ለማውረድ ሲገቡ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» የሚል ገጽ ይመጣል። ከተጫኑት ያ ገጽ በፈለገው ሰዓት በስክሪንዎ ጥግ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ መብት አገኘ። ጸረ ቫይረስ ቢያስሱበት ምንም አያገኝም፤ የተጫነ ነገር የለምና። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ቤተሰብ ለፎርማት ከፍሏል!

ሀ. በክሮም ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» ይግቡ። ፈቃድ ያገኙትን ሁሉ ያስወግዱ፤ አንድም ቢቀር አልመክርም። ከላይ ደግሞ ድረ ገጾች ማስታወቂያ ለመላክ እንዳይጠይቁ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ።

ለ. «ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን፣ የብራውዘር ተጨማሪዎችን ዝርዝር፣ ይክፈቱ። ራስዎ ያልጫኑትን «ሪሙቭ» ያድርጉ። የዋጋ ማነጻጸሪያ፣ የፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ ነፃ ቪፒኤን ነን የሚሉትን በተለይ ይጠርጥሩ።

ሐ. «ሰርች ኢንጂን» እና «ኦን ስታርትአፕ» የሚሉትን ይዩ፤ የማያውቁት አድራሻ ካለ ያጥፉት።

መ. በዴስክቶፕ ላይ ያለውን የብራውዘር ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ይበሉ። «ታርጌት» በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ የድረ ገጽ አድራሻ ተቀጥሎ ካገኙ ምልክቱን ይሰርዙትና አዲስ ይፍጠሩ። ብራውዘሩ ጸድቶ ሳለ ያው ገጽ እየተመለሰ የሚከፈትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ያጠፉት ኤክስቴንሽን ከተመለሰ፦ ብራውዘሩ ከጉግል አካውንትዎ ጋር ስለሚናበብ ከሌላ ኮምፒውተር እየመጣ ይሆናል። ሲንኩን ያጥፉ፣ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ያስወግዱ፣ ከዚያ ይመልሱት።

«ሪሙቭ» የሚለው ካልሠራ፣ ወይም በምናሌው ግርጌ ብራውዘሩ በድርጅት እንደሚተዳደር የሚገልጽ መስመር ካለ፦ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ተገቢ ነው፣ ይተዉት። የቤት ከሆነ ግን አንዱ ፕሮግራም ሬጅስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የውስጥ መዝገብ ውስጥ ትእዛዝ አስገብቷል። በደረጃ 5 አድውክሊነር ካላነሣው ባለሙያ ያሳዩ፤ ሲያሳዩም የክሮም «ፖሊሲስ» ብቻ ከሬጅስትሪ እንዲነሣ ይጠይቁ። ለዚህ ፎርማት አያስፈልግም።

ሁሉም ካልረዳ «ሪሴት ሴቲንግስ» ይበሉ። ቡክማርክና የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች አይጠፉም።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ ቀዳዳውን ይፈልጉ፣ ከዚያ ያስሱ

አሁን ኢንተርኔቱን ይመልሱ። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ»ን ከፍተው «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ «ማኔጅ ሴቲንግስ» ይግቡ። ወደ ታች ወርደው «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ይክፈቱ። ይህ ዝርዝር የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ የሆነው ዲፌንደር እንዳይመረምር የታዘዘባቸው ቦታዎች ናቸው። በጤነኛ የቤት ኮምፒውተር ላይ ባዶ መሆን አለበት። የአክቲቬተር ማኅደር፣ አንዳንዴም «ሲ» ዲስክ በሙሉ ተመዝግቦ ሊያገኙ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ቢያስሱ «ምንም አልተገኘም» ነው የሚልዎት። ሁሉንም ያስወግዱ። «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» እና «ታምፐር ፕሮቴክሽን» መብራታቸውን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ «አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል»፣ ከዚያ «ሬፒዩቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን» ይግቡ። «ፖቴንሺያሊ አንዋንትድ አፕ ብሎኪንግ» የሚለውን ከነሁለት ንዑስ ምርጫዎቹ ያብሩ። ቫይረስ ባይሆኑም ማንም የማይፈልጋቸውን ፕሮግራሞች የሚያግደው ይህ ነው።

ከዚያ በዚህ ተራ ያስሱ፦ የዲፌንደር ዝማኔ፣ አድውክሊነር፣ የዲፌንደር «ፉል ስካን»፣ በመጨረሻ «ኦፍላይን ስካን»። ኦፍላይን ስካን ኮምፒውተሩን ዘግቶ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ይመረምራል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ክፍት ሥራዎን አስቀድመው ያስቀምጡ።

ዲፌንደር አልከፈት ካለ፦ አስቀድመው ያወረዱትን ሴፍቲ ስካነር ያሂዱ። እሱም ካልተከፈተ ወደ ደረጃ 8 ይሂዱ፤ ጥበቃውን የሰበረ ነገር ሌላ ምን እንደሰበረ በቤት ውስጥ ማረጋገጥ አይቻልም።

ደረጃ 6፦ ፍላሾቹን በሙሉ ይሰብስቡ

ማራኪ አካባቢ ወረቀት አሳትሞ የመጣ የተማሪ ፍላሽ የጸዳውን ኮምፒውተር በአንድ ጠቅታ ያበላሻል። የቤቱን ፍላሾች በሙሉ አንድ ላይ ያድርጉና አንድ በአንድ ያጽዱ።

1. ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው»፣ «ሾው» ብለው «ሂድን አይተምስ» እና «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»ን ያብሩ። በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ ደግሞ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምርጫ ለጊዜው ያንሡ።

2. ፍላሹን ይክፈቱ። ማኅደሮችዎ ትንሽ ቀስት ያለባቸው «ሾርትከት» ሆነው ከታዩ አንዱንም አይክፈቱ። ተላላፊው የሚነቃው ሾርትከቱ ሲከፈት ነው። ፋይሎችዎ አልጠፉም፤ ብዙውን ጊዜ ስም በሌለው የተደበቀ ማኅደር ውስጥ ናቸው።

3. ያንን ማኅደር ከፍተው የጽሑፍ ሰነዶችን፣ ፒዲኤፍና ፎቶዎችን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ይቅዱ። ስሙ ሰነድ መስሎ መጨረሻው ግን የፕሮግራም ቅጥያ ያለውን አይቅዱ።

4. ፍላሹን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፎርማት» ይበሉ፤ ከዚያ የሲስተም ፋይሎችን መደበቂያ ይመልሱ።

ከእንግዲህ ለማተም አንድ ፍላሽ ይለዩ። የሚታተመውን ፋይል ብቻ ይያዝ፣ ሲመለስ ፎርማት ይደረግ። ከተቻለ ደግሞ ፋይሉን በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ለማተሚያ ቤቱ ይላኩ።

ደረጃ 7፦ የይለፍ ቃሎችን ይቀይሩ

ይህን ከጽዳቱ በፊት በዚህ ኮምፒውተር ላይ አያድርጉ፤ አዲሱንም ይሰርቁታል። ከስልክዎ ላይ ኢሜይሉን በቅድሚያ፣ ቀጥሎ የባንክ፣ ከዚያ የቀሩትን ይቀይሩ። የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ መረጃ ሰራቂ ፕሮግራሞች የተከፈተውን አካውንት እንዳለ ይወስዳሉና። በቴሌግራም «ዲቫይስስ» ገብተው ሌሎቹን በሙሉ ያስወጡ። በጉግል አካውንትም እንዲሁ ያድርጉ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ።

ደረጃ 8፦ ካልሆነ፣ ፎርማቱን በትክክል ያስደርጉ

አንዳንዴ ግድ ይሆናል። ዊንዶውስ 7 ከሆነ የደኅንነት ዝማኔው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ቆሟል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የሚችል ከሆነ የሚጫነው እሱ ይሁን።

ወደ ባለሙያ ሲሄዱ ይህን ይንገሩት፣ ከተቻለም አጠገቡ ይቆዩ፦

መጫኛው በማይክሮሶፍት በራሱ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» ይሠራ። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ማውረዱ ብዙ ዳታ ስለሚፈልግ ዋጋውን አስቀድመው ይነጋገሩ።

ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው የዊንዶውስ ዓይነት («ሆም» ወይም «ፕሮ») ይጫን። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ ብዙ ላፕቶፖች የፈቃድ ቁልፋቸው በማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል። «ሆም» ይዞ በመጣው ላይ «ሆም» ከተጫነ ከኢንተርኔት ሲገናኝ ፈቃዱ ታውቆ ራሱ ይነቃል። ባለሙያው «ፕሮ» ጭኖ በአክቲቬተር ሲከፍተው ግን የከፈሉበትን ፈቃድ ትተው የተሰረቀ ተጠቀሙ ማለት ነው።

አክቲቬተር አይጫን። ፈቃድ ከሌለዎት ያልነቃ ዊንዶውስ እስኪገዙ ድረስ ይሠራል፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ጽሑፍ ይታያል፣ ገጽታውን መቀየር ይከለክላል፣ የደኅንነት ዝማኔ ግን ያገኛል። ጥበቃው ከጠፋበት «የነቃ» ዊንዶውስ ይህ አሥር እጥፍ ይሻላል።

ዲፌንደር በርቶ፣ «ኤክስክሉዥንስ» ባዶ ሆኖ ይረከቡ። ከመሄድዎ በፊት ራስዎ ከፍተው ይዩ።

ከዚህ በኋላ ሲጭኑ

ፕሮግራም ከሠሪው ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ። በመጫኛው ላይ «ረኮመንድድ» የሚለውን ትተው «ከስተም» ይምረጡና አስቀድሞ ምልክት የተደረገባቸውን ተጨማሪዎች ያንሡ። ለልጆች አስተዳዳሪ ያልሆነ የራሳቸው አካውንት ይክፈቱላቸው፤ ፕሮግራም ሊጭኑ ሲሉ የእርስዎ ይለፍ ቃል ይጠየቃል።

ሰው መሆንዎን ለማረጋገጥ የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን፣ ቀጥሎ «ኮንትሮል»ና «ቪ»ን እንዲጫኑ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመዎት ወዲያውኑ ይዝጉት። ገጹ ሳያዩት የገለበጠልዎትን ትእዛዝ በገዛ እጅዎ እንዲያስፈጽሙ ነው የሚፈልገው። አስቀድመው ተጭነውት ከሆነ ግንኙነቱን ቆርጠው ከደረጃ 1 ይጀምሩ፤ የይለፍ ቃሎቹን ግን ጽዳቱን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ከስልክዎ ይቀይሩ፣ ኮምፒውተሩ እስኪጸዳም በላዩ ላይ አይጻፏቸው።